ድንቢጦቹ ያለቁበት ዋርካ

ተረት ተረት ብል፣ ማነው የሚቀበል?

በአንድ ትልቅ ዋርካ ላይ ድንቢጦች ይኖሩ ነበር። የዋርካው ጌታ ነኝ ባይ ደግሞ ከማዛጋት በቀር ሌላ ሙያ የሌለው አንድ ዝንጀሮ ነበር። መኝታዬን ላመቻች እያለ ጎጆ ያለበትን ቅርንጫፍ ሁሉ ይገነጥላል።

አንድ ቀን አንዲት አሮጊት ድንቢጥ ፊቱ ቀርባ፣ «ጌታዬ፣ እያለቅን ነው። እናቴ ጫጩት ሳለች፣ ድንቢጦች ጠዋት ሲዘምሩ የወንዙ ድምፅ አይሰማም ነበር። እኔ ሳድግ ወንዙ መሰማት ጀመረ። ዛሬ ግን የማይሰማው የእኛ ድምፅ ሆኗል። እባክዎ ጎጆአችንን ይተዉልን» አለችው።

ዝንጀሮው ደረቱን እያከከ ሳቀባት። «አምና ትንጫጩ ነበር፣ ዘንድሮም ትንጫጫላችሁ። ታዲያ የጎደለው ምኑ ነው? አሮጊት ስትጃጅ የድሮው ሁሉ ይበዛባታል» አላት።

አሮጊቷ ሞተች። ጎጆው በየዓመቱ እየሳሳ ሄዶ በመጨረሻ አንዲት ድንቢጥ ብቻ ቀረች። ዝንጀሮው የእሷን ድምፅ በሰማ ቁጥር፣ «ይኸው፣ ዜማው አለ አይደል?» እያለ ተመልሶ ይተኛል። ከዚያ እሷም ጠፋች።

ድንቢጦቹ እየለቀሙ ይበሉት የነበረው አባጨጓሬ አሁን ከልካይ አጣ። ከለምለሙ ቅጠል ጀምሮ እየበላ ዋርካውን እርቃኑን አስቀረው።

ዝንጀሮው ዛሬ ፀሐይ አናቱን እየጠበሰችው በደረቀው ግንድ ላይ ተቀምጦ የልጅ ልጆቹን ያስተምራል። «ዋርካ ማለት ድሮም ቅጠል የለውም» ይላቸዋል።

ተረቴን ያዙልኝ፣ ጥላ ካገኛችሁ ጥሩኝ።