ወደ ኋላ የማይሄደው አውቶቡስ

አንድ ሾፌር ነበረ። አውቶቡስ ይነዳል፤ ሰው ይጭናል፣ ሰው ያወርዳል። ጥሩ ሰው ነው፣ ልጆቼ። አይሰርቅም፣ አይጠጣም፣ መሪ ይዞ አያንጎላጅም። አንድ ነገር ብቻ መናገር ሲገባው አልተናገረም። አንድ ነገር! በዚያች በአንዷ ነገር ምን እንደመጣ ልንገራችሁ፤ ስሙኝ።

አገሩ ቡልጋሪያ ነው። ዶልና ቬርባ የምትባል ትንሽ ከተማ ቲማቲምና ቃሪያ በጣሳ የሚያሽግ ፋብሪካ ነበራት። ፋብሪካው ተዘጋ። ሥራ የፈቱት ወጣቶች ምን ያድርጉ? ተሰበሰቡና የእግር ኳስ ክለብ አቋቋሙ። የፋብሪካው ፎርማን የነበረው አቶ ቬሊን ሊቀ መንበር ሆነ። ራዳን የሚባል፣ ጣሳ ሲያሽግ የኖረ ረጅም ጎረምሳ አምበል ሆነ። አሮጌው የሠራተኛ ማመላለሻ አውቶቡስም የክለቡ ሆነ፤ ከነሾፌሩ። ሾፌሩ ስቶይቾ ይባላል። እዚያም አገር ታላቅን ሰው በስሙ ብቻ አይጠሩትም፣ እንደ እኛው ነው። ስለዚህ እኔም ጋሽ ስቶይቾ እለዋለሁ።

እዚያ አገር በኳስ ተጫዋቾች ዘንድ አንድ አጉል እምነት አለ። ወደ ጨዋታ የሚሄድ አውቶቡስ ወደ ኋላ ከሄደ ዕድል ይበላሻል፣ እንሸነፋለን ይላሉ። ትስቃላችሁ? አትሳቁ። ዓይኔ ርግብ ርግብ አለብኝ ብላችሁ ቀጠሮ የሰረዛችሁ እዚህ መካከል አላችሁ።

የመጀመሪያው ጨዋታ ጎረቤት መንደር ነበር። ጋሽ ስቶይቾ የሜዳውን በር ሳያየው አለፈው። አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ቢል ይበቃው ነበር። ነገር ግን የኋላ ማርሹ አይሠራም፤ ካምቢዮው ውስጥ ጥርሱ ተሰባብሯል። ይህን ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። አቶ ቬሊን ደግሞ ጠዋት፣ "አውቶቡሱ እንከን ካለው ሌላ አውቶቡስ ከነሾፌሩ እቀጥራለሁ" ብሎታል። ታዲያ ምን አደረገ? መንደሩን በሙሉ ዞሮ መጣ። በጭቃው፣ በወይን እርሻው፣ በመቃብሩ አጠገብ ዞሮ፣ ዞሮ፣ በሩ ላይ አቆመ። ልጆቹ ገብተው አምስት ለአንድ አሸነፉ።

ከጨዋታው በኋላ ራዳን መጥቶ አንገቱን አቀፈው።

"ጋሼ፣ ገባኝ እኮ! ዕድላችን እንዳይበላሽ ብለህ ነው ያን ሁሉ የዞርከው። አንተ እኮ ጥሩ ሰው ነህ!"

ያኔ ምን ማለት ነበረበት? "ልጄ፣ ማርሹ ተበላሽቶ ነው።" አራት ቃል! ጋሽ ስቶይቾ ግን ፈገግ አለና መሪውን በጨርቅ ወለወለ። የማይገባውን ምስጋና ተቀበለና ዝም አለ።

ክለቡ ማደግ ጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት የመንደሩን ሊግ አሸነፈ። በሁለተኛው ዓመት የአውራጃውን አሸነፈ። በሦስተኛው ዓመት አገር ከሚያውቃቸው ክለቦች ጋር ሦስተኛ ሊግ ገባ። እነዚህ ልጆች በውርጭ እየተነሡ በተዘጋው ፋብሪካ ግቢ ሲሮጡ ከርመው ነው ያሸነፉት። ግን ስለ ሩጫው የሚያወራ አለ? የለም! ከተማው ሁሉ የሚያወራው ስለ አውቶቡሱ ነው።

ማርሹ እኮ በሁለተኛው ዓመት ክረምት በድብቅ ተሠርቷል። እንደ አዲስ ይሠራል። ጋሽ ስቶይቾ "ሲሸነፉ እነግራቸዋለሁ" አለ፤ አልሸነፉም። "ከሚቀጥለው ጨዋታ በኋላ" አለ፤ የሚቀጥለው አለቀ፣ ሌላ የሚቀጥል መጣ። እንዲህ፣ እንዲህ እያለ ውሸቱን ራሱ ሲነዳው ኖረ።

የደረሰበትን ልንገራችሁ? አንድ ቀን ራዳን ታኬታውን ቤቱ ረሳ። ቤቱ ከኋላቸው ሁለት መቶ ሜትር ነው። አንመለስም አሉ። ልጁ ሁለት ቁጥር የሚጠበውን ታኬታ ተውሶ ተጫወተ፣ የአውራ ጣቱ ጥፍር ወለቀ። ሌላ ቀን ነዳጅ ማደያ አለፉ። አንመለስም አሉ። በረሃ በሚያህል የሱፍ እርሻ መካከል ነዳጅ አለቀና ገበሬ በትራክተር ጎተታቸው፤ ያውም ወደ ፊት እየጎተተ።

"እኔ ሾፌር ነኝ ወይስ ወንዝ?" ይላል ጋሽ ስቶይቾ ተንገሽግሾ። "ወደ ታች ብቻ የምፈስ!"

ይሥቃሉ። ይወዱታላ! ቀልድ መሰላቸው።

በአራተኛው ዓመት የመጨረሻው ጨዋታ ደረሰ። አቻ ቢወጡ እንኳ ሁለተኛ ሊግ ይገባሉ። ሁለተኛ ሊግ ማለት ለእነዚያ ልጆች ኳስ እንጀራ ሆነ ማለት ነው። ራዳንን ጀርመን አገር አንድ የሥጋ ፋብሪካ ይጠብቀዋል። ለነፍሰ ጡር ሚስቱ "ካለፍን አልሄድም፣ ካላለፍን እሄዳለሁ" ብሏታል። ይህን ጋሽ ስቶይቾ ያውቃል። ጠዋት ራዳን ሲሳፈር ዓይኑን አይቶታል።

ዋናው መንገድ በጥገና ስለተዘጋ በጎን ባለ ጠባብ መንገድ ሄዱ። አሥር ሰዓት ላይ ወንዝ ደረሱ። ድልድዩን ጎርፍ ወስዶታል። በዚህ በኩል ቦይ፣ በዚያ በኩል የወይን አጥር፤ አውቶቡስ የሚዞርበት ቦታ የለም። የተሳሳቱበት መስቀለኛ መንገድ ግን በስፖኪዮው ውስጥ ይታያል። መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ጨዋታው አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ከመስቀለኛው መንገድ እስከ ሜዳው ሃያ ደቂቃ ነው። ጊዜ ነበራቸው፣ ልጆቼ! ጊዜ ተርፏቸው ነበር!

ጋሽ ስቶይቾ የኋላ ማርሽ አስገባ።

"ኧረ ምን እያደረግክ ነው?" አቶ ቬሊን ከወንበሩ ተነሣ።

"ወደ ኋላ ልመልሰው ነዋ፣ አቶ ቬሊን። ድልድይ የለም፤ አይታይዎትም?"

"ዛሬ? አራት ዓመት ያላደረግከውን፣ ዛሬ?"

"ታዲያ ወንዙ ላይ ልንዳው?"

"ሌላ ዘዴ ፈልግ!"

"ዘዴው ይኸው በእጄ ነው። ማርሽ ይባላል!"

ከኋላ በረኛው "ጋሼ፣ በእናትህ!" ብሎ ጮኸ። ሌሎቹም ተንጫጩ።

ያን ጊዜ ጋሽ ስቶይቾ ሞተሩን አጠፋና ወደ እነሱ ዞረ። ፊቱ ቲማቲም መስሏል።

"ስሙኝ። ዕድል የሚባል ነገር የለም። ያኔ በመጀመሪያው ቀን ማርሹ ተሰብሮ ነበር። ወደ ኋላ መሄድ አቅቶኝ ነው የዞርኩት። ከሥራ እንዳልባረር ፈርቼ ደበቅኋችሁ።"

ከዚያ ራዳን ፈገግ አለ።

"ጋሼ፣ እኛን ለማረጋጋት ብለህ ነው።"

"እውነቴን ነው እኮ!"

"እናውቅሃለን። አንተ ጥሩ ሰው ነህ፣ አትዋሽም።"

አያችሁ? የዋሸ ጊዜ አመኑት። እውነቱን የተናገረ ጊዜ "አንተ አትዋሽም" ብለው አላመኑትም! ራሱን በመሪው ላይ ቢደፋ ይፈረድበታል?

አሥራ ስምንት ጎረምሳ ወረደ። አውቶቡሱን በጅራቱ አንሥተን እናዙረው አሉ። "ሶፋ መሰላችሁ?" ይላቸዋል፤ አይሰሙም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት! አንድ ስንዝር ገፋ አለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት! ሌላ ስንዝር። ግማሽ ሰዓት ታገሉ። በመጨረሻ የኋላ ጎማው ቦዩ ውስጥ ገባ። እሱን ለማውጣት ሌላ ሃያ አምስት ደቂቃ። ጨዋታ ሳይጀመር ላብ በላብ ሆኑ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኑ።

ጎማው ሲወጣ ጋሽ ስቶይቾ በሩን ከውስጥ ዘጋ። ማንንም አላስገባም። አቶ ቬሊን መስታወቱን እየደበደበ፣ እሱ ብቻውን አውቶቡሱን ወደ ኋላ ነዳ። መቶውን እርምጃ። ስንት ደቂቃ ፈጀ? ሁለት። ሁለት ደቂቃ! መስቀለኛው መንገድ ላይ ቆሞ ጥሩንባ ነፋ። ተጫዋቾቹ ምን ምርጫ አላቸው? አንገታቸውን ደፍተው በእግራቸው መጡና ተሳፈሩ።

ሜዳው ሲደርሱ አሥራ አንድ ከሃያ ሆኗል። አንዲት ሴት የማዕዘን ባንዲራዎቹን እየነቀለች ታቅፋለች።

"ዳኛው ሩብ ሰዓት ጠበቃችሁ" አለቻቸው። "እኛም ወጥተን መንገድ መንገዱን ስናይ ነበር። አሁን ገና ፎርፌ ብሎ ሄደ።"

በአምስት ደቂቃ!

ሲመለሱ ራዳን ከሾፌሩ ጎን መጥቶ ተቀመጠ። ብዙ ከሄዱ በኋላ፣

"ጋሼ፣ ማርሹ የእውነት ተሰብሮ ነበር?" አለው።

"አዎ።"

"ለምን ያኔ አልነገርከኝም?"

ጋሽ ስቶይቾ መንገዱን እያየ፣ "ጥሩ ሰው ነህ አልከኝ፤ ደስ አለኝ" አለ።

በሁለተኛው ሳምንት ራዳንን ከነሻንጣው ባቡር ጣቢያ ያደረሰው ማን ይመስላችኋል? እሱው ነው፤ በዚያው አውቶቡስ። ልጁ ሲሰናበተው አልተቆጣውም። አቅፎት ነው የሄደው። ቢቆጣው ይሻለው ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያ ጨዋታ ጋሽ ስቶይቾ ሆን ብሎ፣ ሁሉም እያዩ፣ አውቶቡሱን ከግቢ ወደ ኋላ እየነዳ አወጣ። ሦስት ለባዶ አሸነፉ። አዲሱ አምበል እየሮጠ መጣ።

"ጋሼ፣ ለካ ዕድላችን ወደ ኋላ መሄዱ ላይ ነው! ሁልጊዜ እንደዚህ አድርግልን!"

ሰው ምን ይደረግ? ኧረ ሰው ምን ይደረግ! ጋሽ ስቶይቾ ግን በዚህ ጊዜ መሪ አልወለወለም። የልጁን ትከሻ ያዘና፣ "ስማ፣ ማርሽ ነው። ማርሽ ብቻ ነው። ያሸነፈው እግራችሁ ነው" አለው። እዚያው፣ በዚያው ቀን፣ ነገሩ ገና አሥር እርምጃ ሳይርቅ።

በዚያ ዓመት ክለቡ ሁለተኛ ሊግ ገባ። ራዳን ጀርመን አገር ቢላ እንደያዘ በስልክ ሰማ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ የቡልጋሪያን ኳስ ምን አመጣው ትሉኝ ይሆናል። ያመጣችሁት እናንተ ናችሁ! ስንት ጊዜ ነገርኳችሁ? ስንት ሰንበት ንስሐ ንስሐ እያልኩ ጉሮሮዬ ደረቀ? ተመለሱ ስላችሁ አንገታችሁን ትነቀንቃላችሁ፣ ከዚህ ወጥታችሁ ወደ ፊት ትነዳላችሁ። ድልድይ እንደሌለ እያያችሁ!

አንተ ከወንድምህ ጋር ከተኳረፍክ ስንት ዓመትህ ነው? "አጥፍቻለሁ" ማለት ስንት ቃል ነው? አንቺስ፣ ጎረቤትሽ ያልሠራችውን ሠራች ብለሽ አውርተሽ፣ ያንን ላለማፍረስ በላዩ ስንት ወሬ ቆለልሽበት? ተሳስቻለሁ ላለማለት አውቶቡስ በትከሻችሁ ትሸከማላችሁ። ደክሟችኋል፤ አያለሁ እኮ። ስትገቡ ፊታችሁን አያለሁ።

ደግሞ አንዳንዶቻችሁ ጥሩ ሰው ስለሚሏችሁ ነው የማትናገሩት። እኔም አውቀዋለሁ ይህን። ደስ ይላል። ግን ሂሳቡ በእናንተ ላይ ብቻ አይወድቅም። ከኋላ ወንበር ላይ እናንተን አምኖ የተቀመጠ ሰው አለ። ልጅ አለ፣ ሚስት አለች፣ ባል አለ። ባቡር ጣቢያ የምትሸኙት እሱን ነው።

ያ ዳኛ ሩብ ሰዓት ጠብቆ ሄደ። አምላካችሁ ስንት ዓመት ጠበቃችሁ? አሁንም በር ላይ ወጥቶ መንገድ መንገዱን ያያል።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ቤታችሁ አትግቡ። መጀመሪያ ወደዚያ ሰው ቤት ሂዱ። ማን እንደሆነ እኔ አልነግራችሁም፤ ስሙን ስታስቡት ነው የቆያችሁት። በሩን አንኳኩና "አጥፍቻለሁ" የምትለዋን ያቺን አንዲት ቃል ተናገሩ። አላምንም ቢላችሁም ተናገሩ። መቶ እርምጃ ቢሆን ነው፣ ልጆቼ። ሁለት ደቂቃ ነው። በሉ ተነሡ።