ጎማው መኪናዋን አልሸከምም ያለ ጊዜ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» አትበሉኝ። በረቱ የፍየል ነበር፤ ፍየሎቹም ከተሸጡ ቆይተዋል። ድሬዳዋ ውስጥ፣ በአክስቴ በአስካለች ጓሮ፣ ቆርቆሮ በለበሰ የፍየል በረት ውስጥ አንዲት መኪና ነበረች። ስድስት ዓመት ሙሉ አፍሬ የደበቅኩትን ነገር በቀጥታ መናገር ዛሬም ይከብደኛል። በተረት ግን ይቀለኛል፤ ተረት የምታወራ ሴት አንገቷን ብትደፋም ማንም ልብ አይላትም።

መኪናዋ ትንሽ የጣሊያን ስፖርት መኪና ናት፤ ከሁለት ሰው በላይ አትይዝም። ወንድሜ ምናሴ ጅቡቲ ወደብ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ሞተሯ የሞተ ነበር። «ለቁራሌው ስጫት» ብሎኝ ሄደ። አልሰጠኋትም። እኔ ትርሲት እባላለሁ፤ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ጠዋት ስለ ኃይልና ስለ ፍጥነት ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ በረቱን ከውስጥ እቆልፍና የጻፍኩትን በእጄ እሞክራለሁ። ከተጋጨ የጃፓን መኪና የወጣ፣ የበፊቱን እጥፍ የሚጎትት ሞተር በፓራንኮ ሰንሰለት አንጠልጥዬ ብቻዬን ገጠምኩላት። የሚሮጥ ነገር መቆምም አለበትና ፍሬኗንም በትልቅ ቀየርኩት። ሞተሩ መጀመሪያ የተነሳ ቀን ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ የፈተና ወረቀት ላርም ሄድኩ።

ሰው ሲጠይቀኝ ግን «የምናሴ ናት፤ በስልክ እየነገረ ያሠራታል» እላለሁ። ሴት፣ ያውም አስተማሪ፣ ያውም ያላገባች፣ እስከ ክርኗ ግራሶ ተቀብታ ብትታይ ምን ይባላል ብዬ ነው። ሰፈሩም አመነኝ። «አይ ምናሴ! ጅቡቲ ተቀምጦ ድሬዳዋ ያለ ሞተር ይቀይራል! እጁ ወርቅ ነው!» ይላሉ። እኔም ወርቅ እጄን ከነጠላዬ ሥር ደብቄ «አዎ» እላለሁ።

አንድ እሑድ አክስቴ ጠራችኝ።

«ትርሲትዬ፣ ልጄ ልታገባ ነው፤ ድግሱ የሚበስለው በረቱ ውስጥ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ቁራሌው ይመጣል። ያቺ የወንድምሽ ጉድ በራሷ እግር ከወጣች ትውጣ። ካልወጣች በመጋዝ ተቆራርጣ ትወጣለች።»

«አክስቴ፣ ሞተሯ እኮ ይሠራል!»

«ሞተር እግር ይሆናል እንዴ? አራት ድንጋይ ላይ ጉብ ብላለች!»

እውነቷን ነው። የምከራየው ቤት ግቢ ውስጥ ለመኪናዬ ቦታ አለ፤ ሞተር አለ፣ ፍሬን አለ፣ መሪ አለ። የጎደለው ትንሽ ነገር ነው። አራት ጎማ።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ወጥቼ ደቻቱ ድልድይ አጠገብ ወዳለው ጎሚስታ፣ ወደ ኢድሪስ ሄድኩ። ጎማ ደርድሯል። ሰፋ ያለ፣ አዲስ፣ መንገድ የሚይዝ ጎማ አየሁ። ጎማ ሆይ፣ መኪናዬን ተሸከም አልኩት። ጎማው፣ እኔ ባለ አሥራ አምስት ኢንች ነኝ፤ የአንቺ አሮጌ ቸርኬ አሥራ ሦስት ነው፤ ያውም በትልቁ ፍሬንሽ ላይ አያልፍም አለኝ። ጎማው መኪናዋን አልሸከምም አለ፤ መኪናዋም ከበረቱ አልወጣም አለች።

«እንግዲያው ቸርኬ ምረጪ፣ ቲቸር» አለ ኢድሪስ። ሁለት ዓይነት አወጣ። አንደኛው ባለ አሥራ ሰባት፣ እንደ መስታወት የሚያበራ። ሁለተኛው ባለ አሥራ አምስት፣ ጥቁር፣ ቀለሙ የተላላጠ። «ይሄ የሚያበራው የሙሽራ ነው! ወላሂ ጎረቤት ዓይኑን ይታመማል። ለምናሴ ደውዪለት፣ እሱ ይምረጥ።»

እኔ መርጬ ጨርሻለሁ። የሚያበራው ከባድ ነው፤ ሞተሬ ጉልበቱን ቸርኬ በማዞር ይጨርሰዋል። የሚለብሰውም ጎማ እንደ ቂጣ ስስ ነው፤ የእኛን ከተማ ጉድጓድ አይችልም። ጥቁሩ ቀላል ነው፤ ፍሬኔንም አሳምሮ ያሳልፋል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ ግን እንዴት ልናገረው? የተዘጋ ስልክ ጆሮዬ ላይ አደረግኩና ማንም በሌለበት «እሺ ምናሴ… አሥራ አምስቱን? እሺ» አልኩ።

«አይ ምናሴ!» አለ ኢድሪስ። «ሳያይ ያውቃል እኮ!»

ቦርሳዬ ውስጥ ማስመሪያ ነበረ። አውጥቼ ቀዳዳዎቹን ብለካ ኖሮ! ግን ስልክ የምታወራ እህት ማስመሪያ ምን ያደርግላታል? አፈርኩ። በዓይኔ ብቻ ቆጠርኩ። አራት ቀዳዳ። በእኔም መኪና አራት ቡሎን። ወሰድኩ። ኢድሪስ ግን «ጎማ ያለበስኩትን ቸርኬ አልመልስም፤ መጀመሪያ ሞክሪው» ብሎ ጎማዎቹን አስቀራቸው። ቸርኬው፣ የምታሰርበት ሞዞ ካልያዘኝ ጎማ ለብሼ የት ልሄድ አለ። ቸርኬው ጎማውን አልለብስም አለ፤ ጎማው መኪናዋን አልሸከምም አለ፤ መኪናዋም ከበረቱ አልወጣም አለች።

ማክሰኞ ቸርኬውን ከሞዞው፣ ማለት ቡሎኖቹ ከሚገቡበት ከመኪናዋ እምብርት ጋር አገናኘሁት። አንዱ ቡሎን ገባ። ሁለተኛው አፉ ላይ ቆመ። ገፋሁ፤ ለመንኩ፤ እንቢ አለ። ያን ጊዜ ማስመሪያዬን አወጣሁ። የጣሊያኑ ሞዞ ቡሎኖች በዘጠና ስምንት ሚሊሜትር ክብ ላይ ቆመዋል፤ የቸርኬው ቀዳዳዎች በመቶ። ሁለት ሚሊሜትር! ተማሪ እንዲህ ሲሳሳት በቀይ እስክሪብቶ የማሰምርበት እኔው። ሄጄ ብጠይቀው ኢድሪስም «በዚያ ልክ የተበሳ ቸርኬ በከተማው የለም፣ ቲቸር» አለኝ። ሞዞው ቸርኬውን አልይዝም አለ፤ ቸርኬው ጎማውን አልለብስም አለ፤ ጎማው መኪናዋን አልሸከምም አለ፤ መኪናዋም ከበረቱ አልወጣም አለች።

ወረቀት አውጥቼ አሰብኩ። በሁለቱ መካከል የሚገባ የብረት ቀለበት ያስፈልጋል፤ በአንድ ፊቱ ሞዞውን በዘጠና ስምንት የሚይዝ፣ በሌላው ቸርኬውን በመቶ የሚቀበል። እንደ ሽማግሌ በሁለት ጠበኞች መካከል ይቀመጣል። ውፍረቱንም አንድ ጣት አደረግኩት፤ ያ ሰፊ ጎማ ከውስጥ ሞላውን እንዳይነካ ልክ አንድ ጣት ወደ ውጭ መውጣት ነበረበትና። ስሕተቴ ራሷ መድኃኒት ይዛ መጣች ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ቀለበቱ ግን፣ በወረቀት ላይ ያለ ሽማግሌ ማንን ያስታርቃል፣ የብረት መቅረጫው ማሽን፣ ቶርኖ፣ ካልቆረጠኝ አለ። ቀለበቱ ሞዞውን አላስታርቅም አለ፤ ሞዞው ቸርኬውን አልይዝም አለ፤ ቸርኬው ጎማውን አልለብስም አለ፤ ጎማው መኪናዋን አልሸከምም አለ፤ መኪናዋም ከበረቱ አልወጣም አለች።

ረቡዕ በድሮው ባቡር ጣቢያ በኩል ወዳለ ቶርኖ ቤት ሄድኩ። ቶርኖው እንደ ጎሽ ትልቅ ነው፤ ቆሟል። ቶርኖ ሆይ፣ ቀለበቱን ቁረጥ አልኩት። ቶርኖው፣ እኔ የማውቀው አንድ እጅ ነው፤ ጋሽ ማንያዘዋል ካላዞረኝ አልዞርም አለ። ቶርኖው ቀለበቱን አልቆርጥም አለ፤ ቀለበቱ ሞዞውን አላስታርቅም አለ፤ ሞዞው ቸርኬውን አልይዝም አለ፤ ቸርኬው ጎማውን አልለብስም አለ፤ ጎማው መኪናዋን አልሸከምም አለ፤ መኪናዋም ከበረቱ አልወጣም አለች።

ጋሽ ማንያዘዋል በባቡር ጥገና ያረጀ ሰው ነው። በእኛ ከተማ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ነው የምንለው፤ «ጋሼ፣ ይህን ትቆርጥልኛለህ?» ብዬ ንድፉን ሰጠሁት። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ፤ ወረቀቱን አገላበጠ።

«ማን ሳለው?»

«ምናሴ… ወንድሜ።»

«ረጋ ያለ እጅ ነው። የዘንድሮ ልጅ እንዲህ አይስልም። እንዲህ የሚስል ሰው ብረት ያፈቅራል።»

አንገቴን ደፋሁ። ደስታዬን የማኖርበት ቦታ አጣሁ።

«እቆርጥልሻለሁ» አለ። «ግን እኔን ቶርኖ ያስተማረኝ ሰው አንድ ልማድ ነበረው። ሰው የሚሸከም ብረት ስትቆርጥ ነጂውን አጠገብህ አቁም ይለኝ ነበር። ዓይኑን እያየህ ከቆረጥክ እጅህ አይሰንፍም። ስሙንም ብረቱ ላይ ምታበት። አርባ ዓመት እንዲሁ ሠራሁ። ባለቤቱን አምጪው።»

«እሱ እኮ ጅቡቲ ነው ያለው!»

«ባቡር አለ» አለና ሻዩን ጠጣ። ጋሽ ማንያዘዋል ቶርኖውን አላዞርም አለ፤ ቶርኖው ቀለበቱን አልቆርጥም አለ፤ ቀለበቱ ሞዞውን አላስታርቅም አለ፤ ሞዞው ቸርኬውን አልይዝም አለ፤ ቸርኬው ጎማውን አልለብስም አለ፤ ጎማው መኪናዋን አልሸከምም አለ፤ መኪናዋም ከበረቱ አልወጣም አለች።

ሐሙስ ስልኬን ከፍቼ ለምናሴ እውነተኛ ስልክ ደወልኩ።

«የቷ መኪና?» አለ።

«ያቺ ትንሿ።»

«ያቺ ቅርፊት? ለቁራሌው አልሰጠሻትም እንዴ?»

ነገርኩት። ሞተሩን፣ ፍሬኑን፣ ስድስቱን ዓመት፣ የእሱን ስም እንዴት እንደለበስኩት፣ ጋሽ ማንያዘዋልም ባለቤቱን አምጪ እንዳለኝ። ሳቀ፤ ሳቁም ቀስ እያለ ቆመ።

«ትርሲት፣ እኔ ካንዴላ እንኳ ፈትቼ አላውቅም። ለዚህ ነው ለካ ድሬ የመጣሁ ጊዜ ኢድሪስ መኪናውን እንድመረምርለት የለመነኝ! ራሴን አመመኝ ብዬ ነው ያመለጥኩት። ባለቤቱን ከጠየቁሽ ባለቤቷን ንገሪያቸዋ። እኔ በሰው ላብ አልቆምም።» ወንድሜ አልመጣም አለ፤ ጋሽ ማንያዘዋል ቶርኖውን አላዞርም አለ፤ ቶርኖው ቀለበቱን አልቆርጥም አለ፤ ቀለበቱ ሞዞውን አላስታርቅም አለ፤ ሞዞው ቸርኬውን አልይዝም አለ፤ ቸርኬው ጎማውን አልለብስም አለ፤ ጎማው መኪናዋን አልሸከምም አለ፤ መኪናዋም ከበረቱ አልወጣም አለች።

ዓርብ ከቀትር በኋላ ቶርኖ ቤት ስደርስ ወሬ ቀድሞኛል። ጋሽ ማንያዘዋል ባለቤቱን አምጪ ማለቱ ተሰምቶ፣ ምናሴ ሊመጣ ነው ተብሎ ኢድሪስ ጎማዎቹን በጋሪ ጭኖ መጥቷል። አክስቴም ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ቆማለች።

«የታለ ልጁ?» አለች አክስቴ። «እኔንም ሳይስመኝ እዚህ መጣ?»

«የታለ?» አለ ኢድሪስ። «እጁን ልጨብጠው!»

ጋሽ ማንያዘዋል ብረቱን ቶርኖው ላይ አስሮ ይጠብቃል።

አፌን፣ ተናገር አልኩት። አፌ፣ ስድስት ዓመት ዝም አስብለሽኝ ዛሬ በሦስት ሰው ፊት አለኝ። አፌ አልከፈትም አለ፤ ወንድሜ አልመጣም አለ፤ ጋሽ ማንያዘዋል ቶርኖውን አላዞርም አለ፤ ቶርኖው ቀለበቱን አልቆርጥም አለ፤ ቀለበቱ ሞዞውን አላስታርቅም አለ፤ ሞዞው ቸርኬውን አልይዝም አለ፤ ቸርኬው ጎማውን አልለብስም አለ፤ ጎማው መኪናዋን አልሸከምም አለ፤ ነገም ቁራሌው መጋዙን ይዞ ይመጣል።

መጋዙን ሳስብ አንገቴ በራሱ ቀና አለ።

«የኔ ናት» አልኩ።

«ምኑ?» አለች አክስቴ።

«መኪናዋ። ምናሴ አይመጣም፤ ሠርቷትም አያውቅም። ሞተሩን የገጠምኩት እኔ ነኝ። ፍሬኑን የቀየርኩት እኔ ነኝ። ቸርኬውንም የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ ኢድሪስ፤ ስልኩ ዝግ ነበር። ንድፉንም የሳልኩት እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ሁለቷን ሚሊሜትር የሳትኩትም እኔው ነኝ።»

ኢድሪስ አፉን በእጁ ያዘ። አክስቴ ግድግዳ ተደገፈች። ጋሽ ማንያዘዋል ቀስ ብሎ መጣና «እጅሽን» አለኝ። ከነጠላዬ ሥር አወጣሁት። ጣቶቼ ጫፍ ላይ የጠመኔ ነጭ፣ ጥፍሮቼ ሥር የግራሶ ጥቁር። አየው፤ ገለበጠው።

«እዚህ ቁሚ» አለ፤ ቶርኖው አጠገብ። «ስምሽ በስንት ፊደል ነው?»

«በአራት።»

«ቀለበቱም አራት ነው። በእያንዳንዱ ላይ ሙሉውን እመታዋለሁ።»

አፌ ተከፈተ፤ ጋሽ ማንያዘዋል ቶርኖውን አዞረ፤ ቶርኖው ቀለበቱን ቆረጠ፤ ቀለበቱ ሞዞውን አስታረቀ፤ ሞዞው ቸርኬውን ያዘ፤ ቸርኬው ጎማውን ለበሰ፤ ጎማው መኪናዋን ተሸከመ፤ ቅዳሜ ጠዋትም መኪናዋ ከበረቱ ወጣች!

ቁራሌው መጋዙን ይዞ በሩ ላይ ነበር። ሞተሩ ሲጮህ መጋዙን ከጀርባው ደበቀና «ይህቺማ የኔ አይደለችም» ብሎ ጥጉን ያዘ። አክስቴ ሳትጠየቅ ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ በሩንም በኃይል ዘጋችው። በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ቀስ ብዬ ነዳሁ። ጎማው አንዲት ቦታ አልነካም፤ መሪው አልተንቀጠቀጠም። መንገዱ ዳር ያሉት ሰዎች ብድግ ብድግ እያሉ «ምናሴ! ምናሴ መጣ!» ብለው ጮኹ።

እኔ እንደ ልማዴ አንገቴን ልደፋ ስል፣ አክስቴ እስከ ወገቧ በመስኮቱ ወጣች።

«የምን ምናሴ! ትርሲት ናት! ሞተሩንም እሷ፣ ፍሬኑንም እሷ፣ ጎማውንም እሷ!» አለች፤ እስከ ድልድዩ ድረስም ሰንሰለቱን ሁሉ፣ አንድም ሳታስቀር፣ ላገኘችው ሰው ሁሉ ደገመችው።

ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌን ግን በዳቦ አታብሱት፤ ገና መናገር መጀመሩ ነው።