ሣጥኗ ያልሰማችው ሳል

በእኛ የቴክኖሎጂ ተቋም የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ተቀምጦ፣ አንዱ ተመራማሪ «ተሳታፊዎቹ ሁሉም ተስማምተዋል» ባለ ቁጥር ሰብሳቢያችን ዶክተር ይታያል እስክሪብቷቸውን ያስቀምጡና አንዲት አባባል ጣል ያደርጋሉ። አዳዲሶቹ መምህራን ተራ የአገር ቤት ተረት እየመሰላቸው ይስቃሉ። እኔ ግን ዛሬም ቃለ ጉባኤ መጻፌን አቆማለሁ። አባባሏ መጀመሪያ ከአፍ ስትወጣ እዚያው ነበርኩና ከየት እንደመጣች ልንገራችሁ።

ያኔ ዶክተር ይታያል ኮሚቴ የሚባል ነገር በዓይናቸው ማየት አይፈልጉም ነበር። እኔ ስንዱ የላቦራቶሪያቸው ቴክኒሺያን ነበርኩ። የሠሩት መሣሪያ፣ እውነት ለመናገር፣ ያኮራል። መዳፍ የምታክል ነጭ ሣጥን ናት፤ ቤት ውስጥ ትሰቀልና ሳል ታዳምጣለች፣ ሳሉ የሳንባ ነቀርሳ የሚያስጠረጥር ከሆነ በሞባይል ኔትወርክ መልእክት ትልካለች። የተባባሪ ፕሮፌሰርነት ማመልከቻቸው ሁለት ጊዜ ወድቋል። ሦስተኛው እንዲያልፍ ሣጥኗ መንደር ወርዳ መሞከር ነበረባት፣ ቀኑም ተቆርጧል። ሰውየው በዚያ ሰሞን ምሳ ሲበሉ እንኳ ሰዓታቸውን ያዩ ነበር፤ እኔም ጭንቀታቸው ተጋብቶብኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

የተቋሙ መኪና የተፈቀደችልን ለአንድ ቀን ብቻ ነው። ድንጋይ በር የምትባል የደጋ ቀበሌ ገብተን ሠላሳ ስምንት ቤት አዳረስን። በየቤቱ መደቡ ላይ አጎዛ ይነጠፋል፣ ጠላ ይቀዳል፣ «ኧረ አረፍ በሉ!» ይባላል። ዶክተር ግን በር ላይ ቆመው ሣጥኗን ያሳያሉ፣ እኔ የስምምነት ቅጹን አነባለሁ፣ ባለቤቱ ይፈርማሉ ወይም በአውራ ጣታቸው ያትማሉ፣ እንወጣለን። ቅጹ አራት ገጽ ነው።

«ስንዱ፣ ሦስተኛውን ገጽ ዝለይው» አሉኝ ገና ሁለተኛው ቤት ላይ።

«ዶክተር፣ ለሙከራው ሲባል የቤቱ ድምፅ ሁሉ እንደሚቀዳ የሚናገረው እኮ እሱ ነው።»

«ከሳል በቀር ምን እናደርገዋለን? ሰውን በከንቱ ልናስደነግጥ ነው? ቶሎ በይ፣ ሾፌሩ ጥሩምባ እየነፋ ነው!»

ዘለልኩት። ጥፋቱን ሁሉ እሳቸው ላይ ልጥል አልችልም፤ በሠላሳ ስምንቱም ቅጽ ላይ ምስክር ሆኜ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

የመጨረሻው ቤት የእትዬ አንጓች ነበር። እትዬ አንጓች ሣጥኗን አዩ፣ ጓዳው በር ላይ የቆመችውን ልጃቸውን ትርንጎን አዩ፣ ከዚያ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው «ይህቺ ነገር ትሰማለች?» ብለው ጠየቁ። «ትሰማለች» አልኳቸው። ልጃቸውን እንደገና አዩና «እሺ» አሉ። የመንደሩ ሽማግሌ አያ ጫኔ ከጠዋት ጀምሮ አብረውን ሲዞሩ ነው የዋሉት።

«ጌታዬ፣ አንድ አፍታ ቁጭ ቢሉና ብንጫወት...» አሉ አያ ጫኔ።

«ሌላ ጊዜ አባቴ፣ ሌላ ጊዜ! አንድ ሰው እንኳ እምቢ አላለም እኮ! መቶ በመቶ!» ዶክተር ይህን እያሉ መኪናው ውስጥ ገቡ።

ሁለት ወር አለፈ። ውጤቱ ሲደርስ ዶክተር የሚሆኑትን አጡ። ላቦራቶሪ ውስጥ የበር ሲጢጥታን ሳል ነው እያለች ስታዋርደን የኖረች ሣጥን፣ ድንጋይ በር ሄዳ አንድም የሐሰት መልእክት አልላከችም። ሳል የለም፣ ቀበሌው ንጹሕ ነው። የወረዳው ጤና ቢሮም ደስ አለው። ቤት ለቤት የምትዞረዋን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከድንጋይ በር አንስቶ ሌላ ቀበሌ ሊመድባት ደብዳቤ ተዘጋጀ። ዶክተር ሰኞ ውጤቱን ያቀርባሉ፣ ደብዳቤውም ሰኞ ይፈረማል።

ቅዳሜ ጠዋት ለገለጻው የሚሆን የድምፅ ናሙና ፍለጋ ሣጥኖቹ በኔትወርክ የላኳቸውን ቅጂዎች ከፈትኩ። የመጀመሪያው ላይ ሳል የለም። ጥሩ። ወሬም የለም። የሕፃን ልቅሶ የለም፣ ሙቀጫ የለም፣ ውሻ የለም። በገበሬ ቤት ሁለት ወር ሙሉ ዶሮ አይጮህም? አንድ ከርከር፣ ከርከር የሚል ነገር ብቻ ይሰማል። ሁለተኛውን ከፈትኩ፣ ያው ከርከር። ሦስተኛውም ያው። ሃያ ሦስተኛው ላይ ስደርስ ወደ ዶክተር ቢሮ ሮጥኩ።

«አይጥ ነው» አልኳቸው።

«ምኑ?»

«የቀዳነው። ሣጥኖቹ ጎተራ ውስጥ ናቸው፣ ዶክተር። የሰማነው አይጥ እህል ሲበላ ነው።»

የጆሮ ማዳመጫውን ተቀብለው ብዙ ሰሙ። «ሰኞ ነው እኮ» አሉ፤ ቀጥለውም «ሦስተኛ ማመልከቻዬ ነው፣ ስንዱ» አሉ። እኔም ደሞዝተኛ ነኝ፣ ፊርማዬም እዚያ አለ። አንድ አፍታ፣ አልዋሽም፣ ኮምፒውተሩን ዘግቼ ዝም ብል ማን ያውቃል ብዬ አስቤያለሁ።

«ከዚያ መንደር አንድ ሰው እንኳ እያሳለ ቢሆንስ?» አልኩ በመጨረሻ።

የጆሮ ማዳመጫውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ። እሑድ ማለዳ ግን ወደ ድንጋይ በር ልሄድ መናኸሪያ ስደርስ ቀድመውኝ ቆመው አገኘኋቸው። መኪና ስላልነበረን በአውቶቡስ ሄድን፣ ከአስፋልቱ በኋላ ሁለት ሰዓት በእግር ተጓዝን። በመንገድ ሁሉ «ምናልባት አንቺ የሰማሻቸው ብቻ ይሆናሉ» ይሉኛል፤ ትንሽ ቆይተው ያንኑ ይደግሙታል።

የእትዬ አንጓች አጥር ጋ ስንደርስ ሳሉ ተሰማን። እሱን ለመስማት ሣጥን አላስፈለገም። ትርንጎ መደቡ ላይ ተኝታ ነበር፣ ጉንጯ ገብቷል። እናትየው ሲያዩን ደንግጠው ወደ ጎተራው ሮጡ። ሣጥኗን ይዘው ተመለሱ፤ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልላለች። ፈትተው፣ አቧራዋን በቀሚሳቸው ጠርገው፣ ግድግዳው ላይ ሰቀሏት።

«ይኸው ጌታዬ፣ ምንም አልሆነችም። የእንግዳ አደራ አይጣልም፤ ከጎተራ የተሻለ ቦታ ደግሞ የለን።»

«ልጅቷ ከመቼ ጀምሮ ነው የምታስለው?»

«እናንተ ከመምጣታችሁ ትንሽ ቀደም ብሎ። የጤና ሠራተኛዋ ታያት እንዳንል፣ 'ሣጥን አላችሁ፣ እሷ ታዳምጣችኋለች' ብላ ወደኛ መምጣት ትታለች።»

ዶክተር ወደ ደጅ ወጡ። ተከትዬ ስወጣ ስልካቸውን ከፍ አድርገው ኔትወርክ ሲፈልጉ፣ ከዚያም የጤና ቢሮውን ኃላፊ ሲያነጋግሩ ሰማሁ። «ደብዳቤው እንዳይፈረም። የጤና ሠራተኛዋንም ዛሬውኑ ይላኩልን፣ በጣም የታመመች ልጅ አለች። ውጤቱ ልክ አይደለም... አዎ፣ የእኔ ውጤት። እኔው ነኝ የምናገረው።»

ትርንጎ ስድስት ወር መድኃኒት ወስዳ ድናለች። ዶክተር በዚያ ዓመትም አልተሾሙም፤ ሹመቱ የመጣው ከአራት ዓመት በኋላ ነው፣ እስከዚያውም ይህንኑ የስምምነት ነገር ሲያጠኑና ሲያስተምሩ ቆዩ። ይህ ሁሉ ግን በኋላ የሆነ ነው። በዚያች እሑድ ከደጅ ወደ ውስጥ ተመልሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አጎዛው ላይ ተቀመጡ። እትዬ አንጓች ጠላ ቀዱላቸው። አያ ጫኔም ወሬውን ሰምተው መጥተው አጠገባቸው ተቀመጡ።

«አባቴ፣ ሠላሳ ስምንት ሰው እሺ አለኝ» አሉ ዶክተር። «ካልፈለጋችሁ አንዳችሁ እንኳ እምቢ ብትሉኝ ምን ነበረበት?»

«ቆሞ ለሚሄድ ሰው?» አሉ አያ ጫኔ። «ነውር አይደለም እንዴ! እኛ እንግዳ ሲቀመጥ፣ እህል ሲቀምስ ነው ሆዳችንን የምንነግረው። ትሰማለች ስትሉን ሰው ፈርቶ ጎተራ ከተታት። ቤት ውስጥ የባልና ሚስት ጭቅጭቅ አለ፣ የወንድማማች የመሬት ነገር አለ፤ ማን ይሰማዋል፣ ለማን ይነገራል? ይህን ልጠይቅህ ነበር ያን ዕለት ተቀመጥ ያልኩህ።»

ጌታዬ ማለታቸውን እንደተዉ ያን ጊዜ ልብ አልኩ። ዶክተር አንገታቸውን ደፉ። ሽማግሌው ጠላውን ወደ እጃቸው ጠጋ አደረጉላቸውና እንዲህ አሉ፦ «ጠጣ፣ ልጄ፤ ለእንግዳ ያሉት እሺ ከእንግዳው ጋር ይሸኛል።»