መራራውን ሻይ ያጣፈጠ ሰው

አንድ ዣኦ የሚባል ሻይ አምራች በደቡብ ቻይና ተራሮች ላይ ይኖር ነበር። ሀብቱ ቅድመ አያቶቹ ያወረሱት አንድ ግዙፍ የሻይ ዛፍ ነው። ከዚያ ዛፍ ቅጠል የሚወጣው፣ ፑየር የሚባለው የአገሩ ሻይ ለጀማሪ አይሆንም። አፍ ላይ ሲያርፍ እንደ ኮሶ ይመራል፤ ፊት ያስጨማድዳል። ለታገሠ ሰው ግን፣ ከዋጠው በኋላ ከጉሮሮው ሥር ጣፋጭነት ቀስ እያለ ይመጣለታል፤ ያም ጣዕም ቶሎ አይለቅም። እንግዳ ፊቱን ባጨማደደ ቁጥር ዣኦ እየሳቀ፣ “ቸኩለህ አትፍረድ፤ ዋጠውና ጠብቅ” ይለው ነበር።

የዚያ አገር ሰው በክረምት የአሮጌ ዛፍ ቅጠል አይነካም። ዝናቡ እስኪያባራ ዛፉ ያርፋል። ማዳበሪያም አያደርጉለትም፤ ጫካው ራሱ ይመግበዋል። ወጉ ይህ ነበር።

አንድ ዓመት ከምላሱ ማር ጠብ የሚል ነጋዴ ከከተማ መጣ።

“እርስዎን የመሰለ ባለሙያ በአገሩ የለም” አለው። “አንድ ነገር ብቻ ቢያስተካክሉ ይበቃል። የከተማ ሰው መጠበቅ አያውቅም፤ በመጀመሪያው ጉንጭ ካልጣፈጠው ይተፋዋል። ዛፉን ማዳበሪያ ያብሉት፣ በክረምትም ይልቀሙት። ምሬቱ ይለዝባል።”

ዣኦ ደስ አለው። ሙገሳ የማይጥመው ማን አለ?

ዣኦ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ያለው አንድ ልጅ ብቻ ነበር፤ ሩይ ይባላል። ሩይ ነገሩን ሲሰማ አላስቻለውም። “አባባ፣ ዛፉን ልትገድለው ነው” አለ። “ሰውዬው የሚያሞግስህ ቅጠሉን ፈልጎ ነው። አንተ ደግሞ ሙገሳ ስትሰማ ማስተዋልህ ይጠፋል።”

ቃሉ መረረው። ያ እንግዳውን ሁሉ “ጠብቅ” የሚል ሰው ለገዛ ልጁ አንዲት ደቂቃ እንኳ አልታገሠም። “ውጣ ከቤቴ! እኔን የሚያስተምር ልጅ አልወለድኩም!” አለው። ሩይ ልብሱን ጠቅልሎ ቁልቁል ወረደ። አይ ሰው! ነገር እኮ ሳይቃጠል በቅጠል ነበር።

ዣኦ ነጋዴው ያለውን ሁሉ አደረገ፤ የሻዩም ምሬት እንደተባለው ለዘበ። ገና ሲቀምሱት ይጣፍጣል፤ ከተዋጠ በኋላ ግን ምንም የለውም፣ የሞቀ ውሃ ነው። ነጋዴው አሞገሰ፣ ጫነ፤ ተመልሶ መጣና እንደገና አሞገሰ፣ እንደገና ጫነ። ዕረፍት ያጣው ዛፍ ግን ከጫፉ መድረቅ ጀመረ፤ ጥቂት ክረምት ሳያልፍ ጭራሹን ደርቆ ቀረ። ነጋዴውም የውሃ ሽታ ሆነ።

ዣኦ ልጁን ፍለጋ የወረደው ያን ጊዜ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው። ሩይን በወንዝ ዳር ባለች ከተማ ጡብ ሲሸከም አገኘው። ሩይ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለው፣ እዚያው አጠገብ ወዳለ ምግብ ቤት ወስዶ ወንበር አቀረበለት፣ ትኩስ ሾርባ አዘዘለት። ቂም የያዘ አይመስልም ነበር።

“ልጄ፣ ዛፉ ሞተ” አለ ዣኦ።

“አይዞህ አባባ፣ ያለ ነገር ነው።”

“የገደልኩት እኔ ነኝ።”

“ኧረ አንተ ምን አደረግህ? እርጅና ነው።”

ሽማግሌው ግራ ገባው። ትንሽ አሰበና፣ “እዚያው ቦታ ችግኝ ልተክል ነው። ለከርሞ ያንኑ ሻይ እንጠጣለን” አለ። እንዲያ ያለ ዛፍ እስኪያረጅ ስንት ትውልድ እንደሚያልፍ ሁለቱም ያውቃሉ። ዣኦ የልጁን አፍ አፉን እያየ ጠበቀ። “አባባ፣ አብደሃል እንዴ?” ቢለው እግሩ ላይ ወድቆ ይቅርታ ሊጠይቀው ተዘጋጅቶ ነበር።

“ጥሩ ሐሳብ ነው አባባ። አንተ ካልክ ይሆናል” አለ ሩይ ፈገግ ብሎ።

ዣኦ ምርር ብሎ አለቀሰ። ልጁ ዳግመኛ እንዳይባረር ብሎ እንደ ነጋዴው መናገር ተምሯል። አባቱን ይጦረዋል፣ ያከብረዋል፤ እውነቱን ግን ከእንግዲህ አይነግረውም።

ወዳጆቼ፣ የአሮጌ ዛፍ ሻይ ምሬቱም ጣዕሙም ያለው በአንድ ቅጠል ውስጥ ነው። አንዱን ያስቀረ ሌላውንም ያጣል። የሚወደን ሰው ቃልም እንዲሁ ነው። በምሬቱ ያባረርነው ሰው አንድ ቀን ይቅር ሊለን ይችላል፤ እውነቱን ግን ዳግመኛ ደፍሮ አይነግረንም።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ፊት ለፊት “ተሳስተሃል” የሚላችሁ ሰው ዛሬ ማን ቀርቷል? ለመጨረሻ ጊዜ ሲነግራችሁስ ምን ብላችሁ መለሳችሁለት?