ጭላዲትና ሁለት ዓይነት ገመዶቿ

አንድ ጊዜ፣ አራዊትም በጾም ሲጾሙ በበዓል ሲያስቀድሱ በነበሩበት ዘመን፣ ቀጥ ባለ አምባ አናት ላይ አንዲት የቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ወደ እሷ የሚያወጣ መንገድ አልነበረም። ደረጃም አልነበረም። ያለው ገመድ ብቻ ነው። ሊያስቀድስ የመጣ ሁሉ ወገቡን ታስሮ ከታች ይቆማል፤ ዲያቆናቱ ዋልያዎች ከላይ ሆነው «ሳብ! በደንብ ሳብ!» እየተባባሉ ይጎትቱታል። በሬውም፣ በጉም፣ አያ አንበሶ ራሱም የሚወጣው እንደ ባልዲ ተንጠልጥሎ ነው።

ይህን ገመድ የምትገምደው ጭላዲት የምትባል ዝንጀሮ ነበረች። የቤተ ክርስቲያኑን ገመድ ስትጀምር እጇን ታጥባ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ አማትባ ነው። ከቃጫው ረጅም ረጅሙን ትመርጣለች። እየገመደች አቡነ ዘበሰማያት ትደግማለች። ሲያልቅም ዝናብ እንዳያበሰብሰው ከላይ እስከ ታች ቅቤ ትቀባዋለች። አላፊ አግዳሚው «አቤት እጅ! አቤት ሃይማኖት!» ብሎ ያልፋል።

የገበያውን ገመድ ስትይዝ ግን ሌላ ዝንጀሮ ነበረች። የገበያው ገመድ ከውጭ ቃጫ፣ ከውስጥ ገለባ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ቃጫ በጠፋበት ዓመት ነበር። ገመዷን ወስዶ ገበያ የሚሸጥላት ቀበሮ አንድ ቀን ደጇ ተቀምጦ፣

«እመት ጭላዲት፣ ገበያ ውስጥ ገመድ ሰንጥቆ የሚያይ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አላት።

«አላየሁም።»

«ገዢው ጎተት ጎተት ያደርግና 'የማን እጅ ነው?' ይላል። 'የገብርኤልን ገመድ የምትገምደው ናት' እለዋለሁ። አለቀ! ታዲያ ውስጡ ትንሽ ገለባ ቢገባበት ማን ያውቃል?»

«ኃጢአት አይሆንብኝም?»

«ለቤተ ክርስቲያኑ ገለባ አግብተሽ ታውቂያለሽ?»

«ወዲያልኝ! እጄን ይቁረጠው!»

«በቃ! የእግዜርን ድርሻ ሳታጓድዪ ትሰጫለሽ። ገበያውን ለኔ ተይው።»

ጭላዲት ያን ቀን ትንሽ ከበዳት። በኋላ ግን ለመደችው። ዓመቱ አልፎ ቃጫው እንደ ልብ ሲገኝም ገለባውን አልተወችም። ብቻ አንድ ነገር ነበር። ለቤተ ክርስቲያኑ ስትገምድ በሯን ወለል አድርጋ ትከፍታለች፤ ለገበያው ስትገምድ ግን፣ ማንም ዝጊ ሳይላት፣ ተነሥታ ትዘጋዋለች።

ሌላም ነገር ነበር፤ ይህን እሷም ልብ ብላው አታውቅም። ጭላዲት በገመዷ ተንጠልጥላ አታውቅም። ዝንጀሮ ናትና ለበዓል የምትወጣው ገደሉን በእጇና በእግሯ እየቧጠጠች ነው።

የታኅሣሥ ገብርኤል ደረሰ። በዚያ አገር ልማድ አሮጌው ገመድ በዋዜማው ይወርድና ተቆራርጦ ለበረከት ይከፋፈላል፤ ሁሉም የደረሰውን ቁራጭ በበሩ መቃን ላይ ያስራል። አዲሱ ገመድ ደግሞ ከአምባው ሥር ያድርና በበዓሉ ጠዋት ይወጣል። የዚያን ዓመት የገመዱን ዘብነት አያ ጅቦ ለምኖ ወሰደ።

«የነቢያትን ጾም አጥብቄ ይዣለሁ» አለ ምራቁን እየዋጠ። «ከኔ የተሻለ ጠባቂ ከየት ይገኛል?»

በነጋታው ምእመናኑ ነጭ በነጭ ለብሰው ከአምባው ሥር ሲሰበሰቡ ገመዱ የለም። የቀረው ከአያ ጅቦ ጥርስ መሀል የወጣች አንዲት ዘለላ ቃጫ ናት።

«አያ ጅቦ፣ ገመዱ የታል?» አለ አያ አንበሶ።

«ጌታዬ፣ ገመዱ… ገመዱ ጾም አፍርሶ ነበር።»

«ምን አልክ?»

«በጾም ቅቤ ተቀብቶ ተኝቷል! ጠረኑ ያውዳል! 'ተው፣ ነውር ነው' አልኩት። አልሰማኝም። ልገሥጸው አፌን ብከፍት…»

«በላኸው!»

«ኧረ ቅቤውን ብቻ ነው የላስኩት! ገመዱ ራሱ ነው አብሮ የገባው።»

ሕዝቡ ከመናደዱ ብዛት ሳቀ። አያ አንበሶ ግን አልሳቀም። ታቦት ሊወጣ ነው፤ ዋልያዎቹ ከላይ ሆነው እጃቸውን ያወዛውዛሉ።

«ለዛሬው በዓል ገመድ ያቀረበ፣ ከዛሬ ጀምሮ በግዛቴ ሁሉ ገመድ የሚሸጥ እሱ ብቻ ይሁን!» ብሎ አወጀ።

ቀበሮ ይህን ሲሰማ ጆሮው ቀጥ አለ። ለበዓሉ ገበያ ያመጣውን የገመድ ጥቅል ሁሉ ከሥሩ አወጣና ጫፍ ለጫፍ ማሰር ጀመረ።

«ይኸው! ለገብርኤል!»

«የማን እጅ ነው?» አለ በሬው።

«የማን ይሆናል? ያው የጭላዲት ነዋ!»

እልልታው ቀለጠ። ጭላዲት ከሕዝቡ መሀል ቆማ ነበር። ዋልያዎቹ የገመዱን ጫፍ ወደ ላይ ሲወስዱት እያየች ባለችበት ቆመች።

እትዬ አህያ ወደ ፊት መጣች። አራስ ናት። በአንገቷ ባንጠለጠለችው ቅርጫት ውስጥ ውርንጭላዋ ጆሮዎቹን ብቻ አውጥቶ ዓለምን ያያል።

«እኔ ልቅደም» አለች። «ልጄ ዛሬ ክርስትና ይነሣል።»

«ጥቂት ጠብቂ፤ ገመዱ ጥቅልል ነበር፤ ይፍታታ» አላት አንድ በግ።

«ምን ያስጠብቀኛል? እንጨት የምሸከምበት ገመድ የሷ ነው፤ ጎረቤቶቼም ሁሉ የሚገዙት ከሷ ነው። የጭላዲት እጅ ካለበት ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምንጠለጠለው!»

ይህን ስትሰማ ጭላዲት ተስፈንጥራ ከፊቷ ቆመች።

«እትዬዋ፣ እኔ… እኔ ልቅደም።»

ሁሉም ሳቀ። ጦጢት ከዛፍ ላይ፣ «አንቺ ደግሞ! ገደል እንደ ሜዳ የምትሮጪበት አይደለሽ? ገመድ ምን ያደርግልሻል? ወይስ አረጀሽ?» አለቻት።

«እንግዲያው… እትዬ አህያ አራስ ናት፤ ደካክማለች። ለሌላ ቀን ይሁንላት።»

«ደከመች? እኔ?» አለች አህያ ጆሮዋን አቁማ። «ጠዋት ውኃ ቀድቼ፣ ቤቴን ጠርጌ ነው የመጣሁ! ይልቅ ነይና አንቺው አስታጥቂኝ። አንቺ ስታስሪኝ ልቤ ይረጋል።»

ጭላዲት አሰረቻት። ቀበሮ አጠገቧ ተጠግቶ በጆሮዋ፣

«ዝም በይ፤ ይይዛል» አላት። «ባይዝም አህያ ከበደች ይባላል እንጂ ገለባ ነበረበት የሚል የለም። አንዴ ከተናገርሽ ግን ስምሽን መልሰሽ አታገኚውም።»

ከላይ «ሳብ!» የሚል ድምፅ መጣ። ገመዱ ተወጠረ። ጭላዲት ዓይኗን ጨፍና፣ «ገብርኤል ሆይ፣ አደራህን፣ ያዝልኝ» አለች።

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ደነገጠች። ምን እንዲይዝላት ነው የለመነችው? ገለባዋን ነው። በሯን ዘግታ የጠቀጠቀችውን ገለባ መልአኩ በክንፉ ደግፎ እንዲያቆምላት ነው። ስንት ዘመን ጸልያለች፤ እንዲህ ያለ አሳፋሪ ጸሎት ግን ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

ዓይኗን ስትገልጥ የአህያይቱ እግሮች ከመሬት እየለቀቁ ነበር።

«አውርዷት!» ብላ ጮኸች።

«ምን ሆነሻል?» አለ ቀበሮ እጇን ይዞ።

«ልቀቀኝ! አውርዷት አልኩ! ገመዱ ውሸት ነው!»

ዋልያዎቹ ደንግጠው ለቀቅ አደረጉት። አህያይቱ መሬት ስትረግጥ ጭላዲት ገመዱን በሁለት እጇ ያዘችና በጥርሷ ዘነጠለችው። ገለባው ቡን ብሎ ወጣ። አንዲት ስንጥር ገለባ ተንሳፍፋ መጥታ ውርንጭላው አፍንጫ ላይ አረፈችና ውርንጭላው አስነጠሰው።

መጀመሪያ የተናገረው በሬው ነው።

«ክረምት ላይ ገመዴ ተበጥሶ ገደል ገብቼ ያነከስኩት…» አለ ቀስ ብሎ። «ዕድሌ ነው ብዬ ነበር እኮ።»

ጭላዲት ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም።

«እኔ ነጋዴ ነኝ» አለ ቀበሮ ወደ ኋላው እያፈገፈገ። «የገመድን ሆድ ዕቃ በምን አውቃለሁ?»

«የመከረኝ እሱ ነው» አለች ጭላዲት። «የገመድኩት ግን እኔ ነኝ። በር ዘግቼ፣ እያወቅሁ።»

ሁካታው ፈነዳ። «ትባረር!» ያለም አለ፤ ድንጋይ ያነሣም አለ። በዚህ መሀል ከአምባው አናት አንድ ድምፅ መጣ። ደብሩን የሚያገለግሉት ሽማግሌው አባ ኤሊ አንገታቸውን ከድንጋይ ልብሳቸው አውጥተው ቁልቁል ያዩ ነበር።

«ጭላዲት!»

«አቤት አባ።»

«ጅቡ የበላው የኛ ገመድ፣ እሱም ገለባ ነበረበት?»

«የለበትም አባ። ምስክሬ ገብርኤል ነው። ለቤተ ክርስቲያንማ…»

«ታዲያ እግዚአብሔር ገበያ አይወርድም ብሎ የነገረሽ ማነው?»

«ማንም አልነገረኝም አባ» አለች ጭላዲት። «ገለባውን መጠቅጠቅ ከጀመርኩ በኋላ እኔው ነኝ ለራሴ የነገርኩት።»

አያ አንበሶ ሊፈርድ ጉሮሮውን ጠረገ። እትዬ አህያ ግን ገመዱ ከወገቧ ሳይፈታ ቀድማው ወደ ጭላዲት ሄደች። ሕዝቡ ልትራገጥ ነው ብሎ ገለል አለ።

«ልጄ አሁንም ክርስትና አልተነሣም» አለች አህያ። «ብትባረሪ ገመዱን ማን ይገምድልኛል? አሁን ቤትሽ ግቢና ሥራሽን ጀምሪ። በሩን ግን እንዳትዘጊው።»

አያ አንበሶም ከዚህ የተሻለ ፍርድ አጣ።

የዚያን ዕለት ቅዳሴው ከላይ ተቀድሶ ሕዝቡ ከታች ሆኖ አዳመጠ። ጭላዲት በማግስቱ ከየቤቱ ዞራ የሸጠችውን ገመድ ሰበሰበች። በየደጁ እየቆመች «ገለባ አለበት፤ መልሱልኝ፤ ሌላ እገምድላችኋለሁ» ማለት ከባድ ነበር። አንዳንዱ ሰደባት። አንዳንዱ በሩን ዘጋባት። በሬው እያነከሰ ወጥቶ ገመዱን ሲሰጣት ምንም አላላትም፤ ያ ከስድቡ ሁሉ ባሰባት። እሷም ቀንበሩን ተሸክማ እስከ እርሻው አደረሰችለት፤ እግሩ እስኪጠና ድረስም በየጠዋቱ እየሄደች አደረሰችለት። ቀበሮ ከአገር ጠፋ። አያ ጅቦ ደግሞ በአያ አንበሶ ትእዛዝ በዚያ ጥርሱ ቃጫ ሲፍቅላት ሰነበተ፤ «ቅቤው መቼ ነው የሚቀባው?» እያለ በየጊዜው ይጠይቅ ነበር።

በወሩ፣ የጥር ገብርኤል ለት፣ አባ ኤሊ የላኳቸው ዋልያዎች ገደሉን ወርደው ከጭላዲት ደጅ ቆሙ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ውስጡ ገመድ በገመድ ሆኗል።

«የቤተ ክርስቲያኑ የቱ ነው?» አሉ።

«ደስ ያላችሁን ውሰዱ።»

«እንዴ! የቤተ ክርስቲያኑስ?»

«ሁሉንም እግዜር እያየኝ ነው የገመድኩት። አሁን እኔም መለየት አልችልም።»

ዋልያዎቹ ግራ እየተጋቡ ለገበያ ከተቆለለው ላይ የሚበቃቸውን አነሡ። ገመዱ ወደ አምባው ሲወጣ እትዬ አህያ ውርንጭላዋን በቅርጫት ይዛ መጣች። ጭላዲት ግን ቀድማ ወገቧን ታጠቀች።

«ደግሞ ጀመራት!» አለች ጦጢት ከዛፏ ላይ። «አንቺ፣ ገደሉን መቧጠጥ አቃተሽ እንዴ?»

«አላቃተኝም» አለች ጭላዲት። «ገመዴን ግን አላውቀውም ነበር።»

«ሳብ!» ተባለ። ጭላዲት ተንጠለጠለች። ከገደሉ መሀል ስትደርስ ድንጋዩን የነካካውን እግሯን ሰበሰበች፤ ሁለት እጆቿንም ዘረጋች። የያዛት ምንም ነገር የለም፤ ከገመዷ በቀር። ነፋሱ ነጠላዋን አወዛወዘው። ገመዱ ፍንክች አላለም።

ከአምባው አናት ላይ ቆማ ወደ ታች ጮኸች።

«እትዬ! ልጁን ይዘሽ ነይ!»

እትዬ አህያም እንደ ቃሏ ዓይኗን ጨፍና ተንጠለጠለች። ውርንጭላው ግን ጆሮዎቹን አቁሞ፣ ዓይኑን አፍጦ፣ ዓለምን ቁልቁል እያየ ወጣ።

ከዚህ የምንማረው፦ በቤተ ክርስቲያን የምናመልከው ጌታ በሱቃችንም፣ በቢሯችንም፣ በተዘጋው በራችን ውስጥም ያው ጌታ ስለሆነ፣ እምነታችን የሚታወቀው ሰው ተማምኖ ራሱንና ልጁን በሚያንጠለጥልበት የዕለት ሥራችን ውስጥ መሆኑን ነው።