አዋጅ ነጋሪውና በቀቀኗ ለምለሚት

ጠጋ በሉ፣ ተረት ልነግራችሁ ነው። እኔ «ነበር» ስል እናንተ «ይሁን» በሉ። ዝም ያለ ካለ ተኝቷል ብዬ ከመጀመሪያው ነው የምጀምረው።

ነበር። ይሁን።

ድሮ፣ ነጋሪት አፍ አውጥቶ ሲያወራ፣ በር ምክር ሲሰጥ፣ በአንዲት የደጋ ገበያ ከተማ አያ ቢሻው የሚባል አዋጅ ነጋሪ ነበር። ድምፁ ሌላ ነው። ከገበያው በላይ ካለው ጉብታ ቆሞ «ስማ፣ ስማ» ሲል ወንዝ ማዶ የሚያርሰው ገበሬ በሬዎቹን ያቆማል። ቤቱ ግን ሚስት የለ፣ ልጅ የለ። ያሉት ነጋሪቱና ነጋሪቱን የምትሸከመው አህያ ናቸው። ነጋሪቱ ጉረኛ ነው። አህያዋ ደግሞ ነገር የገባት፣ አፏን ቆጥባ የምትኖር አራዳ።

አንድ ቀን የአንድ ቆላ ነጋዴ በቅሎ ጠፋች። አያ ቢሻው ሦስት ገበያ ለፈፈለትና ተገኘች። ነጋዴው ውለታ የሚረሳ ሰው አልነበረም፤ ከጫካ አገር ያመጣትን አረንጓዴ በቀቀን ከነሸምበቆ ቤቷ ሰጠው። አያ ቢሻው ለምለሚት ብሎ ስም አወጣላት። አሁን ገና ቤቴ ሰው ገባበት ብሎ ለአህያዋ ነገራት። አህያዋ ጆሮዋን ነቅነቅ አድርጋ አለፈችው።

ችግሩ የመጣው በነጋታው ነው። አያ ቢሻው እግሩ ከቤት ሲወጣ ለምለሚት መጮህ ጀመረች። ተራ ጩኸት እንዳይመስላችሁ፤ ከጣራ ጥላሸት የሚያራግፍ ጩኸት ነው። እሱ እስኪመለስ አታቆምም። ጎረቤቱ እትዬ ውድነሽ ዶሮዎቼ ደንግጠው እንቁላል ተዉ አለች። ሌላው ልጄ እንቅልፍ አጣ አለ። ተሰብስበው ከሰሱት። ዳኛውም ፈረዱ፦ ቅዳሜ አያ ቢሻው ገበያ ሲወጣ ራሳቸው መጥተው ቤቱ ይቀመጣሉ፤ ወፏ እንደ ልማዷ ከጮኸች ከከተማው ውጭ ሜዳ ላይ ትለቀቃለች።

ልብ በሉ፣ የክንፏን ላባ ነጋዴው ቆርጦታል፣ አትበርም። ሜዳው ውርጭ ነው፣ ሸለምጥማጥ አለበት። ትለቀቅ ማለት ትሙት ማለት ነው።

ረቡዕ ነጋሪቱ መከረው። ንጉሥ እንኳ የሚሰማው በእኔ ነው፣ አንዲት ወፍ ምንድን ናት፣ አዋጅ ንገራት አለው። አያ ቢሻው እውነት መሰለው። ነጋሪቱን ከለምለሚት ፊት አቁሞ ሦስቴ ጎሰመና፣ «ስማ፣ ስማ፣ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት የሚጮህ ወፍ» ብሎ ገና ቅጣቱ ላይ ሳይደርስ ለምለሚት ከደረቷ ላባ ነቅላ ጣለች። ከዚያ ከሁለቱም በላይ ጮኸች።

ሐሙስ በሩ መከረው። ዝጋኝ፣ ሲጨልምባት ታርፋለች አለው። አያ ቢሻው ዘግቶ ደጅ ተቀመጠ፤ ስትጮህ ትንፍሽ አላለም። ጮኸች፣ ጮኸች፣ ወደ ማታ ዝም አለች። በሩ ኮራ። አያ ቢሻው ሲከፍት ግን ለምለሚት ጥግ ላይ ተኮማትራለች። ማሽላው አልተነካም። ደረቷ ራቁቱን ቀርቷል።

አያ ቢሻው ሄዶ አህያዋ አጠገብ ቁጭ አለ። ዓርብ ማለዳ አህያዋ አፏን ከፈተች።

«አያ ቢሻው፣ ይህን ሁሉ ዓመት አዋጅ ስትነግር ማን መልሶልህ ያውቃል?»

«አዋጅ ምን መልስ አለው? ይነገራል፣ ያልቃል።»

«እሷ አዋጅ እየነገረችህ አይደለም። የት ነህ ነው የምትልህ። እኔ ከዚህ ሳናፋ የወንዝ ማዶዋ እህቴ ትመልስልኛለች፤ ከዚያ ሁለታችንም ሣራችንን እንግጣለን። ሰው ደጅህ ቆሞ ‹ቤቶች› ሲልህ ‹ደጆች› ትለው የለ?»

አያ ቢሻው አንገቱን ደፋ። «ደጄ ቆሞ ‹ቤቶች› ያለኝ ሰው ካየሁ ሦስት ክረምት አለፈ።»

«እንግዲያው ይህችው ጠራችህ» አለች አህያዋ። «አንተ ደግሞ ነጋሪት ጎሰምክባት።»

አያ ቢሻው ወደ ጓሮ ዞረ። ለምለሚት ስታጣው በደከመ ድምፅ ጮኸች። «አለሁ» አላት፤ የወጣው ግን የጉብታው ድምፅ ነበር፣ የእትዬ ውድነሽ ዶሮዎች አጥር ዘለው ሄዱ። ደግማ ጮኸች። ዝቅ ሊያደርገው ሲሞክር ጉሮሮው እንደ ደረቀ ቆዳ ተንቋቋ። ለካ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አያውቅም። ሦስተኛ ስትጮህ፣ ልጅ ሆኖ ሲያተኩሰው እናቱ የምታናግረው ድምፅ ትዝ አለው። በዚያ ድምፅ «አለሁ፣ ለምለሚት፣ አለሁ» አላት።

ጸጥ አለች። አንገቷን ዘመም አደረገች። ትንሽ ቆይታ አንዲት ማሽላ ቆረጠመች።

ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ዋሉ። ከአጥሩ ሥር ሆኖ መለሰላት፣ ከእንጨት ክምሩ ጀርባ ሆኖ መለሰላት፣ ምንጩ ድረስ ወርዶ መለሰላት። ጩኸቷ እያጠረ ሄደ።

ቅዳሜ ግን ገበያው ሩቅ ነው፣ ያ ለስላሳ ድምፅ አይደርስም። አያ ቢሻው ወደ ለምለሚት ጎንበስ ብሎ «መጣሁ» አላትና አህያዋን ጭኖ ወጣ። ዳኛው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ጎረቤቱ በሩን ሞላው።

ለምለሚት አንዴ ጠራች። መልስ የለም። ሁለተኛ፣ ከፍ አድርጋ ጠራች። መልስ የለም። ላባዋን በአፏ ያዘች። ልጄ እንቅልፍ አጣ ያለው ሰውዬ የሸምበቆ ቤቷን ሊያነሳ ተነሳ።

ያን ጊዜ እትዬ ውድነሽ፣ ዓርብን በአጥር ስታዳምጥ የዋለችው ሴት፣ ቀስ ብላ አለች፦

«አለን፣ ለምለሚት፣ አለን። እሱም ይመጣል።»

ለምለሚት ላባዋን ለቀቀች። ሦስተኛ የጠራችው በጣም ቀስ ብላ ነው፣ እትዬ ውድነሽም በጣም ቀስ ብላ መለሰችላት። ሰውዬው እጁን ሰበሰበ። ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ከሳሽ ማን ነበር አሉ። እትዬ ውድነሽ እኔ ነበርኩ፣ ትቼዋለሁ፣ ዶሮዎቹም ይለምዳሉ አለች።

አያ ቢሻው አዋጁን ነግሮ እየሮጠ መጣ። ባዶ ቤት አገኛለሁ ብሏል። ያገኘው እትዬ ውድነሽ ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ለለምለሚት የዶሮዎቿን አመል ስታወራላት ነው። በዚያችው በአዲሷ ድምፁ፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» አለ።

«ይህ ድምፅ እስከ ዛሬ የት ነበር?» አለችው።

«የሚጠራው አጥቶ» አላት።

ተረቴ ይኸው። ጆሮ የሰጣችሁኝ ሁሉ ዕድሜ ይስጣችሁ፤ እናንተም የሚመልስላችሁ አይጥፋ።

አቤት ባይ ያለው ጩኸቱ አጭር ነው።