የነጩ ቋጥኝ ጦማሪዎች

አንድ ጊዜ፣ አህያ አስተማሪ በነበረችበት ዘመን፣ በአንድ ወንዝ ዳር ትምህርት ቤት ነበር። ዛሬ ያልተማረን ሰው «አህያ» እያሉ የሚሰድቡ ሰዎች ያን ዘመን ስላላዩት ነውና አንፈርድባቸውም።

ከትምህርት ቤቱ አጠገብ፣ መንገዱ ወደ ወንዙ በሚወርድበት ላይ፣ ቤት የሚያህል ነጭ ቋጥኝ ቆሞ ነበር። ውሃ ሊጠጣ የሚወርድ ሁሉ በፊቱ ሳያልፍ አይጠጣም። አህያ ይህን አይታ ለተማሪዎቿ ከሰል አደለችና «ያያችሁትን ጻፉበት፤ አገር ያንብበው» አለቻቸው። ልጆቹ ቋጥኙን «ጦማር» አሉት፤ ራሳቸውን ደግሞ «ጦማሪዎች»። ቁመታቸው ከሣሩ የማይበልጥ ጦማሪዎች ነበሩ።

ከሰሉን ከማደሏ በፊት ግን አንድ ደንብ አስያዘቻቸው። ስለ ማንም ይሁን የሚጻፍ ነገር፣ ቋጥኙ ላይ ከመውጣቱ በፊት፣ ጸሐፊው ባለጉዳዩ ዘንድ ሄዶ ዓይን ዓይኑን እያየ ያነብለታል። ባለጉዳዩ «እንዲህ አይደለም» ካለ ይጣራል። ከተጣራ በኋላ ይጻፋል፤ ከሥሩም የጸሐፊው ኮቴ ወይም መዳፍ ይታተምበታል።

ደንቡ እንደሚሠራ የታወቀው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። የጦጣ ልጅ «ከርከሮ ይሸታል፤ መልኩም አስቀያሚ ነው» ብሎ በቅጠል ላይ ጻፈና ሊያነብለት ሄደ። መንገድ ላይ የመልኩን ነገር ተወው። ከጉድጓዱ አፍ ሲደርስ የሽታውንም ነገር ተወው። ከርከሮ ወጥቶ ክራንቻውን ሲያሳየው «ከርከሮ ጎረቤታችን ነው» ብሎ አነበበ።

«እውነት ነው» አለ ከርከሮ። ጽሑፉም ወጣ።

«ቲቸር፣ ጽሑፌ መንገድ ላይ አለቀብኝ» አለ የጦጣ ልጅ ተመልሶ።

«አላለቀም። የሚጻፈው ብቻ ነው የተረፈው» አለች አህያ።

ከተማሪዎቹ መካከል አንዲት ትንሽ ጥንቸል ነበረች። ታናሽ ወንድሟ ከታችኛው መጠጫ ከጠጣ ጀምሮ ሆዱን ይዞ ተኝቷል። እናቷ ያላጠጣችው ሥር፣ ያላኘከችለት ቅጠል የለም፤ አልተሻለውም። ጥንቸሊት ሁለት ቀን አለቀሰች፤ በሦስተኛው ቀን ማልቀሱን ትታ ወንዙን ሽቅብ ተከትላ ሄደች። ያየችውንም በሰፊ ቅጠል ላይ ጽፋ ለአህያ አመጣች። አህያ አነበበችውና ጆሮዋ ወደ ኋላ ተኛ።

«ይሄ ስለ አያ ጅቦ ነው» አለች።

«አዎ፣ ቲቸር።»

«ደንቡን ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ። እግሬ የሚንቀጠቀጠው ለሱ ነው።»

አህያ ዕድሜዋን ሙሉ ከጅብ ደጅ ርቃ የኖረች ፍጥረት ናት፤ ዘር ማንዘሯም እንዲሁ። ነገር ግን ደንቡን ያወጣችው እሷ ነች፤ ደንብ አውጪ ደግሞ ደንቡ ወደ ጅብ ቤት በሚወስድበት ቀን ራሴን አመመኝ አይልም። ይህ የአህዮች አስተሳሰብ ነው፤ የሌላውን አናውቅም። «አብሬሽ እሄዳለሁ» አለቻት።

አያ ጅቦ በልቶ የጠገበበትን ሰዓት ጠብቀው ሄዱ። በጀርባው ተንጋሎ፣ ሆዱን ለፀሐይ ሰጥቶ አገኙት። ጥንቸሊት ከአህያ እግር ሥር ቆማ ቅጠሏን ዘረጋች።

«እኔ ጥንቸሊት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ሰኞ ጠዋት ከታችኛው መጠጫ ተነሥቼ ወንዙን ሽቅብ ሄድኩ። ከአያ ጅቦ ደጅ ስደርስ ውሃው ውስጥ አሥራ አንድ አጥንት ቆጠርኩ። ሁለቱን አያ ጅቦ ሲወረውሩ በዓይኔ አይቻለሁ። ሌሎቹን ማን እንደ ወረወረ አላየሁም። ወንድሜ ከታች ያለውን ውሃ ከጠጣ ጀምሮ ሆዱን ያመዋል፤ ከአጥንቱ ይሁን ከሌላ ነገር አላውቅም። አያ ጅቦ አጥንቱን ደረቅ መሬት ላይ ቢጥሉልን ደስ ይለናል።»

አያ ጅቦ ቀና አለ። ፊቱ ተቀያይሯል።

«አሥራ አንድ? አንቺ ልጅ፣ ሰው አታሳንሺ። አርባ ነው። አሥራ አንድ ብለሽ አገር ፊት ልታዋርጂኝ ነው?»

ጥንቸሊት ቀና ብላ አህያን አየች።

«አስተካክይ» አለቻት አህያ። ከዚያም ወደ ጅቡ ዞራ፣ «ሌሎቹንስ የወረወሩት እርስዎ ነዎት፣ አያ ጅቦ?»

«ሌላ ማን አለ እዚህ ሠፈር አጥንት የሚተርፈው? ወንዝስ የተፈጠረው ለምን ይመስልሻል፤ ጥራጊ ሊወስድ እኮ ነው።»

ጽሑፉ በዚያው ቀን ቋጥኙ ላይ ወጣ። ከሥሩ አንድ ስምንተኛ ዓረፍተ ነገር ተጨምሮበታል፦ «አያ ጅቦ ግን አጥንቱ አርባ እንደሆነና ሁሉም የእሳቸው እንደሆነ ነግረውናል።» ከዚያ የጥንቸሊት መዳፍ ታተመበት፤ ከቡና ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ከታች ሊጠጡ የወረዱት ቆቅና ኤሊ ቆም ብለው አነበቡና ተያዩ፤ ሳይጠጡ ተመለሱ።

ይህን ያልወደደው ቀበሮ ነው። ቋጥኙ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ወሬ የሚገኘው ከእሱ ዘንድ ነበር፤ ወሬ ፈላጊም ባዶ እጁን አይሄድም፣ እንቁላል ወይም የጫጩት እግር ቢጤ ይዞ ነው። አሁን አገር በሙሉ በነጻ ያነብባል፤ ያውም እውነቱን። ቀበሮ ከስቶ የጎኑ አጥንት ይቆጠር ነበር። ተነሥቶ ወደ አያ ጅቦ ሄደ።

«ስምህ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ዝም ትላለህ፣ አያ ጅቦ?»

«አርባ ብላ አስተካከለችው እኮ።»

«ነውሩ እሱ ነው። እዚህ ድረስ መጥተው አንተኑ አስመስክረውህ ሄዱ። ነገ ደግሞ ምን በላህ ብለው ይመጣሉ።»

«ብነግራቸውስ?»

ቀበሮ በዚህ በኩል መግቢያ እንደሌለ ሲያውቅ በሌላ በኩል ዞረ። «ትምህርት ቤቱ ቢዘጋ አህያዋ ሥራ ፈት ትሆናለች። ሥራ የፈታች አህያ ደግሞ ጠያቂ የላትም።»

አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ። «ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»

«ምንም። አንተ ምንም ሳታደርግ ስትቀር ነው ነገር የሚሰምረው።»

በማግስቱ በቀትር፣ ፀሐይ ሁሉን ወደ ጥላ ባስገባችበት ሰዓት፣ ከጥንቸሊት ጽሑፍ አጠገብ ሌላ ጽሑፍ ወጣ። ከሥሩ ኮቴ የለውም፤ መዳፍ የለውም። «አህያዋ ልጆቹን አንበሳ አርጅቷል ብለው እንዲጽፉ በስውር ታስተምራለች ይባላል» ይላል።

የጥንቸሊትን ስምንት ዓረፍተ ነገር ለማንበብ ጊዜ ያጡ ሁሉ ይህቺን አንዷን በቃላቸው ያዟት። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ወሬው ከተራራው ማዶ ደርሶ «አህያ ልትነግሥ ነው» ሆኖ ተመለሰ። የአጋዘን እናት ልጇን ከክፍል በጆሮው ጎትታ አወጣችው። አህያ በሩ ላይ ደረሰችባት።

«እትዬ አጋዘን፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ልጄን ሸፍጥ አላስተምርም።»

«ማን ነው ይህን ያለው?»

«ተጽፎ አየሁት።»

«ማን ጻፈው?»

«አይታወቅም።»

«ማን እንደ ጻፈው ካልታወቀ እውነት መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«ያለ ነገርማ አይጻፍም» ብላ ሄደች። ልጁ አንገቱን አዙሮ ቲቸሩን እያየ ተጎተተ።

አህያ ስድብ ለምዳለች። ዱላም ቢሆን አታውቀውም አይባልም። ያን ቀን ግን ደሟ ፈላ። አርባ አጥንት ወንዝ ውስጥ እየበሰበሰ፣ አንድ ሕፃን ሆዱን ይዞ እያቃሰተ፣ አገር ተሰብስቦ ስለ አንበሳ ዕድሜ ይከራከራል። ልጆቹን እውነት እንዲጽፉ፣ ስማቸውን እንዳይደብቁ፣ ሳያጣሩ እንዳይናገሩ ስታስተምር ከርማለች። እናትና አባቶቻቸውን ያስተማረ እንደሌለ ያወቀችው ያን ቀን ነው።

በማግስቱ ጠዋት አንበሳ ወርዶ ከቋጥኙ ሥር ተቀመጠ። ሸንጎው የተጠራው «ኃላፊነት የጎደለውን የልጆች ጦማር አደብ ስለ ማስያዝ» ነው። ቀበሮ ተነሣ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ከየት እንዳመጣው የጠየቀ የለም።

«ጌታዬ፣ እኔ ማንንም አልከስም። ልጆች ልጆች ናቸው። ነገር ግን ከሰል በልጅ እጅ ምን እንደሚያደርግ ይኸው እናያለን። መጻፍ ኃላፊነት ነው። ኃላፊነት ደግሞ የትልልቆች ነው።»

አንበሳ ፊቱን ወደ አህያ መለሰ። «አርጅቻለሁ?»

«ጌታዬ፣ ስለ እርስዎ የጻፍን ዕለት መጥተን ፊት ለፊት እናነብልዎታለን። እስካሁን አልመጣንም።»

«ታዲያ ይህን ማን ጻፈው?»

«እኔም የምጠይቀው ይህንኑ ነው። የጻፈው ይምጣና ዓይኔን እያየ ያንብብልኝ። እውነት ሆኖ ከተገኘ ትምህርት ቤቱን በገዛ እጄ እዘጋዋለሁ።»

ሁሉም ጎረቤቱን አየ። ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጌታዬ፣ ማን ጻፈው ማለት ሕዝቡን መድፈር ነው። ሕዝቡ ነው የጻፈው።»

«ሕዝቡ መዳፍ የለውም?» አለች ጥንቸሊት።

«ልጅ በሸንጎ አይናገርም» አለ ቀበሮ።

አንበሳ ጎፈሩን እያሻሸ አሰበ። ከዚያም ፈረደ። «አንዱ ጽሑፍ ጅብን ያስቀይማል። ሌላው እኔን ያስቀይማል። የትኛው እውነት፣ የትኛው ውሸት እንደሆነ መመርመር ብዙ ጣጣ አለው። ስለዚህ ለማንም ሳላዳላ፣ ሁለቱም ይታጠቡ።»

ሸንጎው «ፍርድ ማለት ይህ ነው» አለ። ጅብ ፊት ቆማ ያነበበች፣ ቁጥሯን ያረመች፣ መዳፏን ያተመች ሕፃንና ቀትር ጠብቆ የጻፈ ዋሾ እኩል ተፈረደላቸው። እኛም ከዚህ የበለጠ ሚዛን አላየንም፤ ከሰል በከሰል ነው፣ አንዱ ከአንዱ አይከብድም።

«ጌታዬ፣ ወንዙስ?» አለች አህያ።

«የምን ወንዝ?»

«የልጅቷን ጽሑፍ አላነበቡትም?»

«እኔን የሚመለከተውን አንብቤአለሁ» አለ አንበሳ።

ውሃ ይምጣ ተባለ። ንጹሑ ምንጭ ከኮረብታው ማዶ ነው፤ ሩቅ ነው። አያ ጅቦ ብድግ አለ። «እኔ ላምጣ። ደጄ ላይ ሞልቶ የለም እንዴ።»

ቀበሮ ፈጥኖ ጠቀሰው። አያ ጅቦ ጥቅሻ የሚገባው እንስሳ አይደለም፤ መልሶ ጠቀሰውና ሄደ። ትልቅ ቅል ሞልቶ፣ ጭንቅላቱ ላይ ተሸክሞ እያንጠባጠበ መጣ። ቋጥኙ አናት ላይ ወጥቶ አንዴ ገለበጠው።

የጥንቸሊት ስምንት ዓረፍተ ነገር ወረደ። መዳፏም ወረደ። ያቺ አንዲቱም ወረደች። ቋጥኙ ነጣ። ከዚያ ሽታው መጣ።

ቆቅ ክንፏ ውስጥ ተደበቀች። ከርከሮ እንኳ፣ ሽታ የማይገደው፣ ፊቱን አዞረ። ውሃው በቋጥኙ ጎን ወርዶ ከሥር የተቀመጠው አንበሳ ጎፈር ውስጥ ገባ። አንበሳ ሦስት ጊዜ አነጠሰና ዘሎ ተነሣ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ልጆቹ አፍንጫቸውን ይዘው ባለቤቱን አዩ።

«ውሃ ነው፣ ጌታዬ» አለ አያ ጅቦ ከላይ ሆኖ። «የኛ ሠፈር ውሃ ነው። አጥንት ስላለበት ወፈር ይላል።»

«የምን አጥንት?»

«የራሴ ነዋ። አርባ ነው። ልጅቷ አሥራ አንድ ብላ ነበር፤ ያረምኳት እኔ ነኝ።»

አንበሳ ስለ ጥንቸል ልጅ ሆድ አልጠየቀም። ጎፈሩን አሸተተና ፈረደ፤ አጥንቱ በሙሉ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከወንዙ ይውጣ። አያ ጅቦ ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ አንዱን ሲያወጣ አንዱን እየቆረጠመ ዋለ። ሳምንት ሳይሞላ ውሃው ጠራ፤ የጥንቸሊትም ወንድም ተነሥቶ ዘለለ። ቋጥኙ ግን ወር ሙሉ ሸተተ፤ ስለዚህ ማንበብ የማይችሉትም ሳይቀሩ የልጅቷን ጽሑፍ አነበቡት። የአጋዘን እናት ብቻ እስከ ዛሬ «ያለ ነገርማ አልተጻፈም» ትላለች።

ይህ ሁሉ በኋላ የሆነ ነው። በዚያ ጠዋት፣ ሸንጎው ሳይበተን፣ አንበሳ አንድ ነገር ጨመረ። ልጆቹ የሚጽፉት ሁሉ ቋጥኙ ላይ ከመውጣቱ በፊት ኃላፊነት በሚሰማው ትልቅ ይታይ አለ። ለዚህም ከቀበሮ የተሻለ እንባ ያለው አልተገኘምና ቀበሮ ተሾመ።

ቀበሮ ሹመቱን ተቀብሎ ወደ አህያ ጠጋ አለ። «እንግዲህ ቲቸር፣ ከነገ ጀምሮ ልጆችሽ የሚጽፉትን አስቀድመው ለእኔ ያነቡልኛል።»

«እስከ ነገ ምን አቆየህ» አለች አህያ። «ላንተ የሚነበብ አሁንም አለ።»

ጥንቸሊት ከእግሯ ሥር ወጣች። ቅጠሏን ዘረጋች፤ ቀና ብላም ዓይን ዓይኑን እያየች ጀመረች። «እኔ ጥንቸሊት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ትናንት በቀትር ለወንድሜ ቅጠል ስለቅም በነጩ ቋጥኝ በኩል አለፍኩ።»

ቀበሮ፣ ለራሱም ሳይታወቀው፣ መዳፉን ሣሩ ላይ ጠረገ።

ከዚህ የምንማረው፣ ባለጉዳዩ ፊት ቆመን ልናነብበው የማንደፍረውን ነገር ከጀርባው መጻፍ እንደማይገባንና ይህንን ለልጆች ልናስተምር ስንነሣ መጀመሪያ የገዛ መዳፋችንን አገላብጠን ማየት እንዳለብን ነው።